የኢዮብ ወዳጆች መልስና የተሰጠባቸው ፍርድ

ጠያቂ ባለበት ሁሉ መላሽ አይታጣም፤ መላሽም በበዛ ጊዜ ከመልሶቹ መካከል የማይረቡት ተለይተው እንዲነቀፉ፥ ወይም እንዲታረሙ፥ ወይም ጨርሶ እንዲፋቁ የሚፈርድ ሰው ማስፈለጉ አይቀርም። ነገር ግን አንድን መልስ የማይረባ የሚያሰኘው ምን እንደ ሆነ ሲጠየቅ፥ ብዙ ሰው «ሐሰት የሆነው ነው፤ ሐሰቱንም ዐዋቂ ይለየዋል» ብሎ በአጭሩ ያልፈዋል። ይህ ብያኔ በመጽሐፈ ኢዮብ ፊት ቢቀርብ የሚጸና አይመስለኝም።

ኢዮብ ሀብቱንና ልጆቹን ካጣ፥ ሥጋውም በቍስል ከተመታ በኋላ፥ ቴማናዊው ኤልፋዝ፥ ሹሐዊው በልዳዶስና ነዕማታዊው ሶፋር ሊያጽናኑት መጥተው ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አንዳች ቃል ሳይናገሩ አብረውት በምድር ላይ ተቀመጡ። (ሊቃውንቱ ቢፈቅዱልኝ፥ ከአመጡለት መጽናናት ሁሉ የሚበልጠው ይህ ዝምታ ነበር እላለሁ።) እርሱ አፉን ከፍቶ የተወለደበትን ቀን ከረገመ በኋላ ግን ከአራተኛው ምዕራፍ አንሥቶ እየተፈራረቁ ይመልሱለት ጀመር፤ የመልሳቸውም ፍሬ ነገር፥ እግዚአብሔር ጻድቅ ፈራጅ ነውና ያለ በደል መከራ አያመጣም፥ መከራ ያገኘውም ሰው ስውር ኀጢአቱን ተናዝዞ ይመለስ የሚል ነበር።

ይህን ትምህርት ኢዮብ ከተቀመጠበት አመድ ነጥሎ ለብቻው የሚያነብ ሰው የሚነቅፍበትን ነገር ለማግኘት ይቸገራል። እንዲያውም ሐዋርያው ጳውሎስ በመጀመሪያው የቆሮንቶስ መልእክቱ፥ በምዕራፍ 3፥ የዚህን ዓለም ጥበብ ከንቱነት ለማስረዳት ከመጽሐፍ የጠቀሰው ቃል፥ ኤልፋዝ በኢዮብ 5፥13 የተናገረው ነው። ይኸው ኤልፋዝ ግን በምዕራፍ 42፥ ከሁለቱ ባልንጀሮቹ ጋር ስለ እግዚአብሔር ቅን ነገር አልተናገራችሁም ተብሎ ተወቅሷል። እንግዲህ ቃሉ በአንዱ ስፍራ ለምስክርነት የበቃ፥ በሌላው ስፍራ ተግሣጽ ያመጣ ከሆነ፥ የመልስ ነውር በዐረፍተ ነገሩ ውስጥ ብቻ ተፈልጎ የሚገኝ አይደለም፤ ለማን፥ መቼ፥ ለየትኛውስ ጥያቄ እንደ ተሰጠ ሳይመረመር አይታወቅም።

ኤልፋዝ የመለሰው ማንም ላልጠየቀው ጥያቄ ነው። ኢዮብ የእግዚአብሔርን ፈራጅነት አልካደም፤ የጠየቀው እርሱ በሚያውቀው ሕይወቱና በደረሰበት መከራ መካከል ያለው ልክ እንዲነገረው ነበር። ወዳጁ ግን ሰውየውን በደንቡ ሊመትር ተነሣ፤ ደንቡ አልገጥም ባለ ጊዜም የለወጠው ደንቡን ሳይሆን ሰውየውን ነው። በምዕራፍ 4 በለሰለሰ ቃል የጀመረው ሽማግሌ፥ በምዕራፍ 22 ኢዮብ ለተጠማ ውሃ እንደ ከለከለ፥ ለተራበ እንጀራ እንደ ነፈገ፥ መበለቶችንም ባዶ እጃቸውን እንደ ሰደደ አድርጎ፥ ማንም ያላየውን በደል ይቈጥርበታል። ትምህርቱን ከነቀፋ ለማዳን ሲል በወዳጁ ላይ በሐሰት መሰከረ። መጽሐፉን ባነበብሁ ቍጥር ከቍስሉና ከልጆቹ ሞት ዜና ይልቅ የሚያስደነግጠኝ ይህ ስፍራ ነው፤ ቀና የሚመስል መልስ ጠያቂውን መስማት ትቶ እስከ ወዴት ሊወርድ እንደሚችል ያሳያልና።

ደግሞም እነዚህ ሦስት ሰዎች መላሾች ብቻ አልነበሩም፤ የሌላውን ቃል የሚነቅፉ ፈራጆችም ነበሩ። በልዳዶስ በምዕራፍ 8 የኢዮብን ንግግር ከነፋስ ይቈጥረዋል፤ ሶፋር በምዕራፍ 11 የቃል ብዛት ነው ይለዋል፤ ኤልፋዝም በምዕራፍ 15 በፈንታው የማይጠቅም ነገር ይለዋል። ሦስት ምስክሮች በአንድ ቃል ሲስማሙ የኦሪት ሥርዓት የተፈጸመ ይመስል ነበር፤ ነገር ግን የተስማሙት ሦስቱም ስለ ተሳሳቱ ነበር። የነቃፊ ብዛት ስለ ፍርድ ትክክለኛነት የሚያስረዳው ነገር ከሚታሰበው በጣም ያነሰ ነው። በኋላም ነገራቸው በራሱ ጊዜ ደረቀ፤ በሦስተኛው ተራ በልዳዶስ ከስድስት ቍጥር ያልበለጠ ተናግሮ አበቃ፥ ሶፋርም ከቶ አልተነሣም።

የመጨረሻው ፍርድ አወራረድ ግን ትዕግሥት የተመላ ነው። የተወቀሱት ወዳጆች ከፊት አልተባረሩም፤ ሰባት ወይፈንና ሰባት አውራ በግ ይዘው ወደ በደሉት ሰው እንዲሄዱ፥ እርሱም እንዲጸልይላቸው ታዘዙ። በቅኔ ቤት ያለፈ ሰው የዚህ ዓይነቱን እርማት ያውቀዋል፤ መምህሩ የተማሪውን ቅኔ ሰምቶ ቤቱ የተሰበረበትን ወይም ምሥጢሩ የጠፋበትን ስፍራ ያሳየዋል እንጂ ከጉባኤው አያስወጣውም። የወዳጆቹም ንግግር ከመጽሐፉ አልተፋቀም። ተፍቆ ቢሆን ኖሮ እኛ አንባቢዎቹ ተግሣጹን እንጂ የተገሠጸውን ነገር ባላወቅን ነበር።

ይህን ስል መፋቅ የሚገባው መልስ የለም ማለቴ አይደለም። ለታመመ ሰው መርዙን መድኃኒት ነው ብሎ የሚነግር ሰው ቃሉ ለትምህርት እንዲቈይ አይጠበቅለትም፤ በዚያ ጉዳይ ጊዜ ራሱ ፈራጅ ነው።

የሚያከራክረው የኤሊሁ ነገር ነው። ይህ ወጣት ሽማግሎቹ መልስ ሳያገኙ በኢዮብ ላይ ስለ ፈረዱ ተቈጥቶ፥ የማይረባውን መልስ ሁሉ ሊያርም ተነሣ፤ ከምዕራፍ 32 እስከ 37 ድረስ ያለ ማቋረጥ ተናገረ። በመጨረሻው ፍርድ ላይ ግን ስሙ በምስጋናም በነቀፋም አልተነሣም። አንዳንዶች ትክክል ስለ ተናገረ ነው ይላሉ፤ እኔ ግን፥ ከሽማግሎቹ ዳኝነት የተሻለ ዳኝነት አመጣለሁ ብሎ ብዙውን የእነርሱኑ ነገር ስለ ደገመ፥ ለብቻው መልስ አላስፈለገውም ወደሚለው አዘነብላለሁ።