ካቴተር ያለው ሰው ሲያተኩሰው

ልጄ፣ መልካ ጀብዱ ጤና ጣቢያ በነርስነት መመደብሽን ስሰማ ደስ አለኝ። አንድ ነገር ግን ያሳስበኛልና ረጋ ብለሽ ስሚኝ።

የኩላሊት እጥበት የሚከታተል፣ አንገቱ ሥር ካቴተር የገባለት ሰው አንድ ቀን «አተኮሰኝ፣ አንቀጠቀጠኝ» ብሎ ይመጣብሻል። ድሬዳዋ ላይ ትኩሳት ስም አያጣም። በ2006 ዓ.ም. ደንጌ ነበር፤ በ2011 ክረምት ቺኩንጉንያ ገባ፤ በ2014 ደግሞ ወባው በረታ። ስለዚህ መጀመሪያ ወባን ብታስቢ አልፈርድብሽም። መርምሪው። ግን እዚያ ላይ እንዳታቆሚ፣ ልጄ። የካቴተሩ ጫፍ ልብ አጠገብ ነው ያለው። በእሱ በኩል ያለፈ ጀርም በቀጥታ ደም ውስጥ ይገባል። ወባው ቢገኝበት እንኳ ካቴተሩን ከጥርጣሬ አታውጪው።

ቆዳው ንጹሕ መስሎ ቢታይሽም አትዘናጊ። መግል ሳይኖር፣ መቅላት ሳይኖር ደም ይመረዛል። ሙቀቱን፣ ግፊቱን፣ የልብ ምቱን፣ ትንፋሹን ለኪና ጤና መኮንኑን ጥሪ። የሪፈር ወረቀቱ ላይ ካቴተር እንዳለው፣ መቼ እንደገባለትና ትኩሳቱ መቼ እንደጀመረው ከሁሉ አስቀድመሽ ጻፊ። ድል ጮራ ሆስፒታል የሚቀበለው ሐኪም የደም ካልቸር ለማዘዝ አይዘገይም።

ደም ሥር አጣሁ ብለሽ ደግሞ በዚያ ካቴተር ግሉኮስ እንዳትሰጪ፤ አደራ። ውስጡ ብዙውን ጊዜ ሄፓሪን ተሞልቶበታል፤ ሳታውቂ ገፍተሽ ብታስገቢው ሰውዬው ሊደማ ይችላል። ክዳኑ ወልቆ፣ መቆንጠጫው ተከፍቶ ከመጣ ቶሎ ዝጊው፤ አየር ወደ ልብ ይገባል። ትንፋሽ ካጠረው በግራ ጎኑ፣ ራሱን ዝቅ አድርገሽ አስተኚውና ኦክስጅን ስጪው።

የመልካ ጀብዱን ሙቀት አንቺው ታውቂዋለሽ። ላቡ ፕላስተሩን ያላቅቀዋል፤ አቧራውም በዚያው ይገባል። የላላ ወይም የረጠበ ፋሻ ካየሽ ነገ ይቀየራል ብለሽ አትለፊው። እጅሽን ታጠቢ፣ ንጹሕ ጓንት አድርጊ፣ ቆዳውን በክሎርሄክሲዲን ጥረጊና እስኪደርቅ ታገሺ። ይህቺን መታገስ ብዙዎች ይዘሏታል፤ አንቺ አትዝለያት። በአሜሪካ ሚሺጋን ግዛት ከመቶ በላይ ጽኑ ሕሙማን ክፍሎች እንዲህ ያሉ ቀላል ልማዶችን ይዘው፣ የማያስፈልገውንም ካቴተር ቶሎ እያወጡ፣ በካቴተር በኩል የሚመጣውን የደም ኢንፌክሽን በእጅጉ ቀነሱት። በ2006 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ነው። አንቺም ይህን ማድረግ አያቅትሽም።

ሰውዬውን በሚገባው ቋንቋ አስረጂው፤ በኦሮምኛም ሆነ በሶማሊኛ። ካቴተሩን ውኃ እንዳያስነካው፣ በእጁ እንዳይነካካው ንገሪው። ሌሊት ካንቀጠቀጠው የእጥበቱን ቀን ሳይጠብቅ እንዲመጣ ንገሪው። አብራው ለመጣችው ሚስቱም ድገሚላት፤ ሌሊት ባጃጅ የምትጠራለት እሷ ናት።