«ድኛለሁ» ለማለት ምን ይበቃል?

ጠያቂው በኮሎምበስ፣ ኦሃዮ፣ በመጋዘን የሌሊት ፈረቃ የሚሠራ ወጣት ነው። መላሹ አገር ቤት ሳሉ በሉተራዊቷ መካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ያገለገሉ፣ አሁን በዚሁ ከተማ ከልጆቻቸው ጋር የሚኖሩ አዛውንት ናቸው።

ጠያቂ፦ ጋሼ፣ በየኮንፈረንሱ ሰባኪው ጌታን የሚቀበል እጁን ያንሣ ሲል አነሣለሁ። በማግስቱ ሥራ ላይ ሆኜ «የትናንቱ ከልቤ ነበር?» እላለሁ። ደፍሬ ድኛለሁ ማለት አቃተኝ።

መላሽ፦ ያን ጊዜ ምኑን ነው የምትመረምረው?

ጠያቂ፦ ልቤን ነዋ። ንስሐዬ እውነተኛ ነበር? እምነቴስ ይበቃል?

መላሽ፦ ስለ ክርስቶስ አንድም አልጠየቅህም እኮ፤ ሁሉም ስለ ራስህ ነው። ስሜት መዝሙር ሲሞቅ ይሞቃል፣ ሌሊቱን ካርቶን ስታነሣ ስታድር ይቀዘቅዛል። መተማመኛህ እሱ ከሆነ እሑድ ድነህ ሐሙስ ትጠፋለህ። የምታምነው ክርስቶስን ነው እንጂ እምነትህን አይደለም። ማርቆስ 9 ላይ ልጁ የታመመበት አባት እምነቱ ጎዶሎ መሆኑን ከጌታ አልደበቀም፤ ልጁ ግን ተፈወሰለት።

ጠያቂ፦ እግዚአብሔር ሰው እንደሚያድን አልጠራጠርም። እኔን መምረጡን ነው የምጠራጠረው።

መላሽ፦ ይህ ጥያቄ የዚህን አገር ሉተራውያን ለሁለት ከፍሏል። እዚሁ ቤክስሊ ያለውን ካፒታል ዩኒቨርሲቲ ታውቀዋለህ፤ እ.ኤ.አ. በ1830 የተመሠረተ ነው። የዩኒቨርሲቲው ሰው ማቲያስ ሎይ የሚመሩት የኦሃዮ ሲኖድ እ.ኤ.አ. በ1881 ከሚዙሪ ሉተራውያን ጋር የነበረውን ኅብረት አፍርሶ ወጣ። የሚዙሪዎቹ መሪ ቫልተር እግዚአብሔር በጸጋው ብቻ ይመርጣል፣ እምነትም የምርጫው ፍሬ ነው ሲሉ፣ እነ ሎይ ደግሞ የመረጠው በክርስቶስ የሚያምኑትን አስቀድሞ አይቶ ነው አሉ። አንዱ ወገን ለጸጋው ክብር ፈራ፤ ሌላው ወንጌል ለሰው ሁሉ መሆኑ እንዳይደበዝዝ ሠጋ።

ጠያቂ፦ ማን ረታ?

መላሽ፦ እስከ ዛሬም አልተቋጨም። አንተን የሚጠቅምህ ግን ሁለቱም ያልተጣሉበት ነው። መመረጥህን ለማወቅ የእግዚአብሔርን ስውር ምክር አትመረምርም፤ ወደ ተሰበከልህ ወንጌል፣ ወደ ተጠመቅኸው ጥምቀት፣ ወደ ጌታ ማዕድ ትመለሳለህ።

ጠያቂ፦ እናቴ ጎንደር ናት፤ ኦርቶዶክስ። በደወልኩ ቁጥር «ልጄ፣ ድኛለሁ አትበል፤ ይማረኝ በል» ትለኛለች። እዚህ ያሉ ጓደኞቼ ደግሞ እርግጠኛ ካልሆንክ አልዳንክም ይሉኛል።

መላሽ፦ እናትህን አትከራከራት። ይማረኝ የሚል ሰው የሚምር አምላክ እንዳለ አምኗል። የምትፈራልህ ትዕቢትን ነው፤ ጳውሎስም በፊልጵስዩስ 3 ገና እንዳልያዘው፣ ለመያዝ ግን እንደሚሮጥ ጽፏል። ጓደኞችህ ደግሞ እርግጠኝነትን ራሱን መዳኛ ሥራ አድርገውብሃል። የትምህርት ልዩነት የለም እያልኩህ አይደለም። ኦርቶዶክሳውያን መዳንን በጥምቀት፣ በንስሐና በሥጋ ወደሙ እስከ ሞት የሚኬድበት መንገድ አድርገው ያስተምራሉ፤ እኛ ጽድቅን አስቀድሞ የተሰጠ ብይን እንለዋለን። ቢሆንም እ.ኤ.አ. በ1534 ሚካኤል የሚባል ኢትዮጵያዊ ዲያቆን ዊተንበርግ ድረስ ሄዶ ከሉተር ጋር ስለ እምነት ሲነጋገር በብዙው ተስማምተው ነበር። አንተም ከእናትህ ጋር መነጋገር አያቅትህም።

ጠያቂ፦ ብይን ሲሉ አንድ ነገር አስታወሱኝ። የጥገኝነት ጉዳዬ ቀጠሮ በተራዘመ ቁጥር እግዚአብሔርም ፋይሌን ይዞ የሚያስጠብቀኝ ይመስለኛል።

መላሽ፦ አንደኛ ዮሐንስ 2 ክርስቶስን ጠበቃ ይለዋል። የአንተ ጠበቃ ጉዳይህን ያስረዳልህ ይሆናል፤ ፍርድህን ግን አይሸከምልህም። ክርስቶስ ተሸከመው። ጠበቃውን የላከልህም ራሱ ዳኛው ነው። የወረቀትህ ጉዳይ ገና ነው፤ ይህኛው ግን በመስቀል ላይ አልቋል።

ጠያቂ፦ ካለቀ ታዲያ ኑሮዬ ለምን አልቀና አለ?

መላሽ፦ እግዚአብሔርን መታመን ሁሉ እንዲሳካልን ማድረጊያ ቢሆን ኖሮ ቄስ ጉዲና ቱምሳ እምነት አልነበራቸውም በተባለ። የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ነበሩ። ከአገር የሚወጡበት መንገድ ተመቻችቶላቸው ሳለ ምእመናኑን ትተው ለመሄድ እምቢ አሉ። ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ታፍነው ተወሰዱ፤ ተገደሉም። ባለቤታቸው ፀሐይ ቶሎሳ ለዓመታት ታሰሩ፤ የቄሱ አጽም የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። ጳውሎስ በሮሜ 8 ሰይፍ አይመጣባችሁም አላለም፤ ሰይፍ ቢመጣም ከክርስቶስ ፍቅር እንደማይለየን ነው የተናገረው።

ጠያቂ፦ ሁሉ ካለቀማ እንዳሻኝ ብኖርስ?

መላሽ፦ የባልንጀራውን የዕቁብ ገንዘብ በልቶ ድኛለሁ የሚለውን ሰው አላጽናናውም፤ እሱ የሚያስፈልገው ተግሣጽ ነው። አንተ ግን የመጣኸው ኃጢአትህ ከብዶህ ነው። ለደነደነ የሚነገረውን ለተሰበረ አንናገርም። ስትወድቅ የሚከፋህና ተነሥተህ የምትመለስ ከሆነ መንፈሱ አልተወህም።

ጠያቂ፦ ጥርጣሬው ነገ ቢመለስስ?

መላሽ፦ ይመለሳል። በሚቀጥለው ኮንፈረንስ እጅህን እንደገና ለማንሣት አትቸኩል። የልብህን የምትነግረው አንድ የታመነ ሰው ፈልግ፤ ብቻውን የሚጠራጠር ሰው ቶሎ ይደክማል። ቅዱስ ቁርባን በሚሰጥበት እሑድ ከፈረቃ ወጥተህ እንቅልፍ ቢጥልህም ና። ሥጋው ስለ አንተ እንደተቆረሰ ነግረው በእጅህ ይሰጡሃል። ያን ጊዜ እምነቴ ይበቃል ወይ እያልክ ራስህን መመርመሩን ተወውና ተቀብለህ ብላ።