ጸሎተኛው ጄኔራልና የአብሳዩ ጥያቄ

ባለፈው ቅዳሜ ማታ በሰንበት ትምህርት ቤታችን አዳራሽ ተሰብስበን አንድ ፊልም አየን። ርዝመቱ 3 ሰዓት ከ39 ደቂቃ ነው። ሁለት ወንድሞቻችን በመካከሉ እንቅልፍ ወስዷቸው እንደ ነበር ስም ሳንጠራ እናልፋለን። ፊልሙ ካለቀ በኋላ የተነሣው ክርክር ግን ነቅተው የነበሩትንም የተኙትንም አላስቀመጠም። ቡናው ሁለት ጊዜ ተፈላ፤ ሳንስማማም ተለያየን። ይህን ጽሑፍ እንድንጽፍ ያነሣሣን ይኸው አለመስማማታችን ነው።

ፊልሙ «ጎድስ ኤንድ ጄኔራልስ» ይባላል፤ «አማልክትና ጄኔራሎች» ማለት ነው። አዘጋጁ ሮናልድ ማክስዌል ሲሆን ለሕዝብ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። ይኸው ሰው አስቀድሞ በ1993 «ጌቲስበርግ» የተባለውንና ከ4 ሰዓት የሚበልጠውን ፊልም ሠርቷል። ሁለቱም የሚናገሩት ከ1861 እስከ 1865 በአሜሪካ በሰሜኖቹና በደቡቦቹ ክፍለ ግዛቶች መካከል ስለ ተደረገው የእርስ በርስ ጦርነት ነው። እኛ የምንኖርበት የቨርጂኒያ ምድር የዚያ ጦርነት ዋና አውድማ ነበር። ማናሳስና ፍሬደሪክስበርግ ለእኛ ወላጆቻችን ለሥራ ሲመላለሱ የሚያልፉባቸው፣ በየመንገዱ ምልክት ላይ የምናነባቸው ስሞች ናቸው። በፊልሙ ግን ሜዳው በሬሳ ተሸፍኖ ይታያል።

ስለዚህ ፊልም የሰው አስተያየት ገና ከመጀመሪያው ተከፋፍሎ ነበር። የጦርነቱን ታሪክ የሚወዱና የዚያን ዘመን የደንብ ልብስ ለብሰው ውጊያውን በየሜዳው እያስመሰሉ የሚያሳዩ ሰዎች፣ የጠመንጃው አጎራረስና የሰልፉ አሠራር እንደ ነበረው መሆኑን አይተው አመሰገኑት። ብዙዎቹ ሐያስያን ግን ንግግሩ ስብከት ይመስላል፣ ርዝመቱም ያሰለቻል አሉ። ከሁሉ የከበደው ነቀፋ ደቡቦቹን ቅዱሳን አስመስሎ ባርነትን ወደ ጓሮ ገፋው የሚለው ነው። ከ50 ሚሊዮን ዶላር በላይ ፈሶበት ከአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች የተመለሰው 13 ሚሊዮን እንኳ አልሞላም። ያም ሆኖ በ2011 ከ4 ሰዓት ተኩል በላይ የሚረዝም ሌላ ቅጂ ወጣ፤ የሚወዱት ሰዎች አሁንም ይወዱታልና።

እኛን ያጣላን ግን ርዝመቱ አልነበረም። የፊልሙ ዋና ሰው የደቡቦቹ ጄኔራል ቶማስ ጃክሰን ነው፤ በሐምሌ 1861 በማናሳስ ውጊያ እንደ ድንጋይ ግንብ ቆመ ተብሎ «ስቶንዎል» የሚል ቅጽል ስም ወጣለት። ይህ ሰው ሳይጸልይ ምንም አይጀምርም። ከሚስቱ ጋር መጽሐፍ ቅዱስ ያነባል፤ በክረምት ሰፈሩ የተዋወቃት የአምስት ዓመት ሕፃን በትኩሳት ስትሞት ያለቅሳል። በግንቦት 1863 መጀመሪያ በቻንስለርስቪል የገዛ ወታደሮቹ በጨለማ ጠላት መስሏቸው ተኩሰው አቆሰሉት፤ ግራ ክንዱ ተቆረጠ፤ ከስምንት ቀን በኋላ እሑድ ቀን በሳንባ ምች ሞተ። በእሑድ ለመሞት ይመኝ ነበር ይባላል። ከመካከላችን አንድ ወንድማችን በዚህ ቦታ ዕንባውን ሲጠርግ አይተነዋል፤ አልካደምም። «እንደዚህ የሚጸልይ ሰው በዘመኔ አላየሁም» አለ።

አንዲት እኅታችን ደግሞ ከዚያ ቀደም ብላ ተነሥታ ወጥታ ነበር። የወጣችበትን ቦታ ልብ ብለነዋል። የጄኔራሉ አብሳይ የሆነው ጥቁር ሰው፣ ጂም ሉዊስ፣ በሌሊት ከጌታው ጋር አብሮ ይጸልያል። በጸሎቱም ደግ ክርስቲያን የሆነ ሰው ጥቁር ወንድሞቹ በባርነት ሲኖሩ እንዴት ሊታገሥ እንደሚችል እግዚአብሔርን ይጠይቃል። ጄኔራሉ ተስፋ የሚሰጥ ቃል ይናገርለታል፤ ፊልሙም ወደ ሌላ ነገር ያልፋል። «ጥያቄውን አስጠየቁት፤ መልሱን ግን ማንም አልተጠየቀም» አለች እኅታችን ኋላ ተመልሳ ስትገባ።

ከዚህ ላይ ለእኛ ለሰንበት ተማሪዎች የሚከብድ አንድ ነገር አለ። ጃክሰን የሰንበት ትምህርት ቤት መሥራች ነበር። በ1855 በሌክሲንግተን ከተማ ለጥቁሮች፣ ለባሪያዎቹም ለነጻዎቹም፣ በየእሑዱ ከሰዓት በኋላ የሚሰበሰብ ጉባኤ አቋቁሞ ራሱ ያስተምር ነበር። የቨርጂኒያ ሕግ ጥቁሮችን ሰብስቦ ማንበብ ማስተማርን ይከለክል ስለ ነበር ትምህርቱ በቃል ነበር። ከጦር ሜዳ ሳይቀር ለዚያ ትምህርት ቤት ገንዘብ ልኳል ይባላል። ይኸው ሰው በቤቱ ስድስት ባሪያዎች ነበሩት። ሚስቱ ከሞቱ በኋላ በጻፈችው መጽሐፍ፣ ነጻ ቢወጡ ደስ ባለው ነበር፣ ነገር ግን መጽሐፍ ቅዱስ ባርነትን ይፈቅዳል ብሎ ያምን ነበር ብላለች።

ወንድማችን «በዘመኑ ሰው ላይ በዘመናችን አንፍረድ» ሲል ተከራከረ። ይህ ቃል መልካም ይመስላል፤ ነገር ግን አብሳዩም የዚያው ዘመን ሰው ነበር። ከባርነት ያመለጠው ፍሬደሪክ ዳግላስ በ1845 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ፣ የባሪያ ጌቶች ክርስትናና የክርስቶስ ክርስትና የተለያዩ መሆናቸውን ገልጾ ጽፎ ነበር፤ ጃክሰን ያን ጊዜ ገና የ21 ዓመት ወጣት ነው። በ1860 በአሜሪካ ወደ 4 ሚሊዮን የሚጠጉ ሰዎች በባርነት ይኖሩ ነበር። «በዘመኑ የነበረው አስተሳሰብ» ስንል የእነዚህን አስተሳሰብ ለምን ሳንቈጥር እንቀራለን? የደቡቦቹ ምክትል ፕሬዚዳንት አሌክሳንደር ስቲቨንስም በመጋቢት 1861 የአዲሱ መንግሥት የማዕዘን ድንጋይ ጥቁር ከነጭ ጋር እኩል አለመሆኑ ነው ብሎ በአደባባይ ተናግሯል። የተሰወረ ነገር አልነበረም።

አንዳንዶቻችን ደግሞ «ጸሎቱ የግብዝ ጸሎት ነው» ብለን ልንገላገል ሞከርን። ይህም ቀላል መውጫ ሆኖ አገኘነው። ግብዝ ቢሆን ኖሮ ፊልሙን አይተን ስቀን እንተኛ ነበር። የሚያስፈራው ጸሎቱ እውነተኛ ሊሆን መቻሉ ነው፤ ሰውየው ከልቡ ተንበርክኮ፣ ከልቡ ተነሥቶ፣ ሰው እንደ ንብረት ወደሚቈጠርበት ቤቱ ይገባ ነበር። ሊንከን በመጋቢት 1865 ባደረገው ንግግር ሁለቱም ወገኖች አንድ መጽሐፍ እንደሚያነቡና ወደ አንድ አምላክ እንደሚጸልዩ አመልክቷል።

ክርክሩ በዚህ ሲሞቅ ቡናውን ያፈሉልን እናታችን ጣልቃ ገቡ። «ልጆቼ፤ የሰው አያት ብቻ ትከስሳላችሁ» አሉ። በአያታቸው ቤት አንዲት ሴት ነበረች፤ ውኃ የምትቀዳ፣ የምትፈጭ። ጾሙን ሁሉ ትጾማለች፤ በፋሲካ ሌሊት ከቤተ ሰቡ ጋር ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለች። እርሷ በልጆቹ ፊት ባሪያ ተብላ ትጠራ ነበር እንጂ እናታችን የክርስትና ስሟን ሰምተው አያውቁም። አያታቸው ግን ዳዊት የማይለያቸው ሴት ነበሩ። አዳራሹ ጸጥ አለ። አባቶቻችን ይዳኙበት በነበረው በፍትሐ ነገሥት ስለ ባሪያዎች የተጻፈ አንቀጽ እንዳለ፣ በአገራችንም ባርነትን ጨርሶ የሚሽረው አዋጅ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1942 መሆኑን ከእኛ መካከል የሚያውቅ ነበር፤ እስከዚያች ሰዓት ድረስ ግን አላነሣውም።

ፊልሙ ከወጣ ወዲህ በዙሪያችን ብዙ ተለውጧል። በሪችመንድ ቆሞ የነበረው የጃክሰን ሐውልት በሐምሌ 2020 ተነሣ። በሼናንዶዋ አውራጃ ደግሞ ከትምህርት ቤት ላይ የተነሣው ስሙ እንዲመለስ የትምህርት ቦርዱ በግንቦት 2024 ወሰነ። ወላጆች ተሰብስበው የተከራከሩበት ነገር እኛ በቡና ላይ ከተከራከርንበት ብዙም አይርቅም።

ፊልሙን ለሌሎች ወጣቶች እናሳይ ወይስ ይቅር በሚለው አሳብ ድምፅ ሰጥተን ነበር፤ እኩል ለእኩል ሆነ። የጄኔራሉን ሞት አይቶ ያለቀሰው ወንድማችን «ይታይ» አለ። ወጥታ የነበረችው እኅታችንም «ይታይ» አለች፤ ግን በአብሳዩ ጸሎት ላይ ፊልሙ እንዲቆምና መብራት እንዲበራ ትፈልጋለች። የመሣሪያውን ቁልፍ ማን እንደሚይዝ ገና አልወሰንንም።