ቤት በስንት ይተመናል?

በ2008 ዓ.ም. በስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ የነበረችው የግጭ መንደር ተነሳች። ከ400 በላይ አባወራዎች ቤታቸውን፣ የገብስ ማሳቸውንና የግጦሽ መሬታቸውን ትተው ወደ ደባርቅ ወረዱ። በ2009 ደግሞ ዩኔስኮ ፓርኩን ከ1989 ጀምሮ ከነበረበት የ«አደጋ ላይ ያሉ ቅርሶች» መዝገብ አወጣው። ዳባት ላደግን ልጆች ይሄ ደስ የሚል ዜና ነበር። ዋሊያ እኮ በዓለም ላይ ያለው ስሜን ብቻ ነው! ግጦሹም ከልክ አልፎ እንደነበር ማንም አይክድም። ስለዚህ «መነሳት ነበረባቸው ወይ?» ብዬ አልሟገትም። የሚከነክነኝ ሌላ ነው፦ ሰው ካሳው ከተከፈለው በኋላ የሚቀርበት ነገር አለ ወይ?

እንደ ሶፍትዌር ሠራተኛ «የለም» ማለት ይቀናኛል። እኛ ዳታ ከአንድ ሰርቨር ወደ ሌላ ስናዛውር ሁለቱን እናመሳክራለን፤ ከተመሳሰሉ አሮጌውን እናጠፋለን። አድራሻው ቢቀየር ማን ግድ አለው? የቤት ነገር ግን ግልብጥ ነው። ዋናው ነገር ያለው አድራሻው ውስጥ ነው። ጎጆ ሌላ ቦታ ይሠራል፣ በግ ይሸጣል፣ ይገዛል። መቃብር ግን አይጓዝም። «ከዚያ ዳገት በላይ ደመና ከታየ ይዘንባል» የሚለው እውቀትም ዳገቱ ከሌለ ምንም ነው።

የሚገርመው ሕጋችንም ይሄን እያደር የተረዳው ይመስላል። አዋጅ ቁጥር 455/1997 ከእርሻ መሬቱ ለዘለቄታው ለሚነሳ ገበሬ፣ በላዩ ላይ ካፈራው ንብረት ካሳ ሌላ፣ የዓመት አማካይ ገቢውን በ10 አባዝቶ እንዲከፈለው ይል ነበር። በቃ፣ የ10 ዓመት ምርት። የተካው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ግን ለማኅበራዊ ትስስር መቋረጥና ለሥነ ልቦና ጉዳትም ካሳ ጨመረ። ቡና አብሮ መጠጣት፣ ለቅሶ መድረስ፣ ደቦ መውጣት የሕግ ቃል አገኙ ማለት ነው።

«ታዲያ ችግሩ ተፈታ አይደል?» ትሉኝ ይሆናል። ግማሹ። ጉዳትን ማመን አንድ ነገር ነው፣ ዋጋ አውጥቶ መዝጋት ሌላ። ልዩነቱን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ የደም ዕርቅን ማሰብ ይበቃል። ሽማግሌዎች በገዳይና በሟች ቤተሰብ መሃል ሲገቡ የደም ካሳ ይከፈላል። ግን ብሩ የሟቹ ዋጋ ነው የሚል ሰው አታገኙም። ብሩ «በድለናችኋል፣ እናውቃለን» የሚባልበት መንገድ ነው። በዳዩ ፊት ለፊት ሳይቀርብ፣ ይቅርታ ሳይጠይቅ፣ ብር ብቻ ቢልክ ያ ዕርቅ አይደለም፣ ስድብ ነው።

ለእኔ የቤት ካሳም እንዲህ ነው። ክፍያው ፍትሐዊ መሆን አለበት፤ «ቤት በገንዘብ አይተመንም» ብሎ ገንዘቡን ማሳነስ ሌላ በደል ነው። ከክፍያው በላይ ግን ዕዳ አለ፦ የመሰናበቻ ጊዜ፣ መቃብር ለመጎብኘት የመመለስ መብት፣ እና የቦታውን ታሪክ አለመሰረዝ። ቱሪስት ወደ እመት ጎጎ ሲያልፍ ግጭን «ሰው ያልነካው ተፈጥሮ» ብለን ካስተዋወቅንለት፣ ቤታቸውን ለሁለተኛ ጊዜ አፈረስን ማለት ነው።

ይሄኛው ዕዳ ደግሞ የመንግሥት ብቻ አይደለም። ፓርኩ ተረፈ ብለን የተደሰትን ሁሉ አለንበት። ደስታው ትክክል ነው፤ የሌሎች ሰዎች ስንብት እንደገዛው እያወቅን ከሆነ።