ላልታወጀ ጦርነት መፈረም

የአሜሪካ ምድር ጦር ነርሶቹን በአንስቴዥያ (በማደንዘዣ) ሙያ የሚያሠለጥነው በቴክሳስ ግዛት፣ ሳን አንቶኒዮ ከተማ በሚገኘው ፎርት ሳም ሂውስተን ነው። ሥልጠናው ከቤይለር ዩኒቨርሲቲ ጋር በጥምረት የሚሰጥ ሲሆን በ36 ወራት ውስጥ በነርሲንግ ሙያ የዶክትሬት ዲግሪ ያስገኛል። የባሕር ኃይልና የአየር ኃይል ነርሶች በአብዛኛው የሚማሩት ሜሪላንድ ውስጥ፣ ቤተስዳ ባለው የሠራዊቱ የጤና ሳይንስ ዩኒቨርሲቲ ነው። አመልካቹ የነርሲንግ የመጀመሪያ ዲግሪና የሙያ ፈቃድ፣ ቢያንስ የአንድ ዓመት የጽኑ ሕሙማን ክፍል ልምድ፣ የድጋፍ ደብዳቤዎችና ስለ ራሱ የጻፈው መግለጫ ሊኖረው ይገባል፤ ቃለ መጠይቅና የሰውነት ብቃት ፈተናም አለ። የተመረጠ ሰው የትምህርት ክፍያ የለበትም፤ እየተማረ የመኮንን ደመወዝ ይከፈለዋል። በምላሹ ከምረቃ በኋላ ለዓመታት በሠራዊቱ ውስጥ የማገልገል ግዴታ ይገባል። ጥያቄው የሚነሣው ከዚህ ግዴታ ነው፤ ሕይወት ለማቆየት የተማረ ሰው፣ መግደል ከሥራዎቹ አንዱ በሆነ ተቋም ውስጥ፣ ገና ላልታወጀ ጦርነት አስቀድሞ መፈረም ይገባዋልን?

ማደንዘዣ ራሱ በሃይማኖት ዓይን የተፈተነበት ዘመን ነበር። ስኮትላንዳዊው ሐኪም ጀምስ ያንግ ሲምፕሰን በ1847 እ.ኤ.አ. ክሎሮፎርምን ለወላድ እናቶች ሲሰጥ፣ ሕመም ከፈጣሪ የተሰጠ ፍርድ ነው የሚሉ ተቃዋሚዎች ተነሡበት። ሲምፕሰን መልሱን ከዚያው ከኦሪት ዘፍጥረት አወጣ፤ እግዚአብሔር የአዳምን ጎን ከመክፈቱ በፊት በእርሱ ላይ ከባድ እንቅልፍ አምጥቶ እንደነበር አስታወሰ። ክርክሩ ብዙ አልቆየም። በዚያው ዓመት ሩሲያዊው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ኒኮላይ ፒሮጎቭ በዳግስታን ግንባር ለቆሰሉ ወታደሮች ኤተር ይሰጥ ነበር። ኤተር በቦስተን ለሕዝብ ከታየበት ከጥቅምት 1846 ጀምሮ አንድ ዓመት እንኳ ሳይሞላ ማደንዘዣ ጦር ሜዳ ደረሰ። ሕመምን ማስታገስ ይፈቀዳል ወይ የሚለው ጥያቄ ሲዘጋ፣ በማን ደመወዝና በማን ትእዛዝ ይሁን የሚለው ተከፈተ።

በቀዶ ሕክምና ጠረጴዛው ላይ ነገሩ ቀላል ነው። የ1949ኙ አንደኛው የጄኔቫ ስምምነት ሥራቸው ሕክምና ብቻ የሆነ የሠራዊት ባለሙያዎች እንዲከበሩና እንዲጠበቁ ያዛል። መሣሪያ ቢይዙ ራሳቸውንና ቁስለኞቻቸውን ለመከላከል ብቻ ነው። ከቁስለኞች መካከል ማን ይቅደም የሚለውም የሚወሰነው በሕክምና አጣዳፊነት እንጂ በለበሰው ልብስ አይደለም። ይህ ሕግ አንስቴቲስቱን ከሌላው ባለሙያ ይበልጥ ይመለከታል። የተኛው ሰው አይናገርም፣ አይለምንም፣ ራሱን አይከላከልም፤ ትንፋሹ እንኳ በሌላ ሰው እጅ ነው። ማደንዘዣው፣ ኬታሚንም ሆነ ፕሮፖፎል፣ የሚለካው በሰውየው ክብደትና በጉዳቱ መጠን ነው፤ የትኛው ወገን እንደሆነ በስሌቱ ውስጥ ቦታ የለውም። በኢራቅና በአፍጋኒስታን የነበሩ የአሜሪካ የጦር ሆስፒታሎች የራሳቸውን ወታደሮች፣ የአገሬውን ሰላማዊ ሰዎችና ሲዋጓቸው የነበሩትን ታጣቂዎች በአንድ ጣሪያ ሥር አክመዋል።

ይሁን እንጂ ጠረጴዛው ላይ የሚደርሰውን ሰው የሚመርጠው አንስቴቲስቱ አይደለም። በእነዚሁ ሆስፒታሎች አልጋ ሲጣበብ የአገሬው ሲቪል እስከ ምን ድረስ ይገባል፣ ለስንት ጊዜስ ይቆያል የሚለውን የሚደነግግ መመሪያ ነበር። የጄኔቫው ሕግ ከበሩ በስተ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ይሠራል፤ በሩን የሚከፍተውና የሚዘጋው ግን እዝ ነው። የምድር ጦሩ የሕክምና ክፍል መሪ ቃልም ዓላማው የተዋጊውን ኃይል ጠብቆ ማቆየት እንደሆነ በግልጽ ይናገራል። ቁስለኛው የሚታከመው ሰው ስለሆነ ነው፤ ደግሞም ወታደር ስለሆነ ነው። ሁለቱ ምክንያቶች አብዛኛውን ጊዜ ወደ አንድ ሥራ ስለሚመሩ ልዩነታቸው አይታይም። የተለያዩበት አንድ የታወቀ አጋጣሚ አለ፤ የነገረውም ራሱ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በአንስቴዥያ ሐኪምነት ያገለገለው ሄንሪ ቢቸር ነው። በ1943 በሰሜን አፍሪካ ፔኒሲሊን እጅግ ጥቂት በነበረበት ጊዜ መድኃኒቱ በጦር ሜዳ ለቆሰሉት ሳይሆን የአባለ ዘር በሽታ ለያዛቸው ወታደሮች ተሰጠ። እነዚህኞቹ በቀናት ውስጥ ድነው ወደ ግንባር ይመለሱ ነበር፤ ቁስለኞቹ ግን ለረጅም ጊዜ አልጋ ይይዛሉ። በተዋጊ ቁጥር ከታሰበ ውሳኔው ትክክል ነው፤ የታማሚን ዐይን ለሚያይ ነርስ ግን መራራ ነው።

የክርስትና የሥነ ምግባር ሊቃውንት ለዚህ ዓይነቱ ጭንቀት ያበጁት መለያ እስከ ዛሬ ያገለግላል። በሌላው ሥራ በሐሳብ መተባበርና በተግባር ብቻ መተባበር ይለያያሉ። የመጀመሪያው የዚያን ሰው ዓላማ የራስ ማድረግ ነው፤ ሁለተኛው የራስን መልካም ሥራ ሲሠሩ ሌላው ለራሱ ዓላማ ሊጠቀምበት እንደሚችል አውቆ መሥራት ነው። እግሩ ለተቆረጠ ወታደር ማደንዘዣ የሚሰጥ ነርስ ወታደሩ ወደ ውጊያ እንዲመለስ አይሻም፤ እንዲተርፍ ብቻ ይሻል። ቢመለስም የሚመልሰው የወታደሩና የአዛዡ ውሳኔ ነው። ይህ መልስ እውነት አለው፤ ሆኖም አንድ ነገር ይዘልላል። ለአንድ ታማሚ ማደንዘዣ መስጠት የአንድ ሰዓት ሥራ ነው፤ ማመልከቻ ላይ መፈረም ግን ለዓመታት የሚቆይ ትብብርን አስቀድሞ ማጽደቅ ነው። መለያው የተሠራው ለነጠላ ሥራዎች እንጂ ለእንዲህ ያለ ውል አይደለም።

ጥንታዊቷ ቤተ ክርስቲያን ይህን ልዩነት አይታዋለች። ለሮሙ ሂፖሊተስ የሚሰጠውና በግእዝም በሲኖዶስ መጽሐፍ በኩል ወደ ኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን የደረሰው የሐዋርያት ትውፊት ሁለት ሰዎችን ለያይቶ ያያል። አስቀድሞ ወታደር ሆኖ ወደ እምነት የመጣው ሰው ውትድርናውን ወዲያው እንዲተው አይጠየቅም፤ እንዳይገድል ይነገረዋል። አምኖ ሳለ ወደ ውትድርና መግባት የሚፈልገው ግን ይመለሳል። በውስጡ ተገኝቶ መኖርና ፈልጎ መግባት አንድ አይደሉም ማለት ነው። ሥርዓቱ የተጻፈው ሰይፍ ለሚይዝ እንጂ ለሚያክም ሰው ስላልሆነ ቃል በቃል ወደ ነርሱ ማዛወር አይቻልም፤ ክብደቱን ያሳረፈበት ቦታ ግን ትክክለኛ ነው፤ በፈቃድ ላይ። ቅዱስ ባስልዮስም በአራተኛው መቶ ዓመት በጦርነት የገደሉትን እንደ ነፍሰ ገዳይ ባይቆጥራቸውም፣ እጃቸው ንጹሕ ስላልሆነ ለ3 ዓመት ከቁርባን ቢርቁ መልካም እንደሆነ መክሯል። በእስልምና ታሪክ ደግሞ ሩፈይዳ አል አስለሚያ በመዲና ቁስለኞችን በድንኳኗ ታክም እንደነበር ይተረካል፤ በኸንደቅ ዘመቻ የቆሰሉት ሰዕድ ኢብን ሙዓዝ የታከሙት እርሷ ዘንድ ነው። በሁለቱም ወገን ቁስለኛን ማከም ተመስግኗል እንጂ አልተወቀሰም። ሩፈይዳ ግን የምታውቀውን ጦርነት አይታ ድንኳኗን ተከለች። የዛሬው አመልካች የሚፈርመው ጠላቱ፣ ቦታውና ምክንያቱ ላልታወቀ ጦርነት ነው።

በአሜሪካ ሕግ ነርሱ የሚገባው በመኮንንነት ስለሆነ የመኮንን መሐላ ይምላል። ይህ መሐላ ከተራ ወታደር መሐላ በአንድ ዋና ነገር ይለያል። ተራው ወታደር ለፕሬዚዳንቱና ለበላይ መኮንኖች ትእዛዝ ሊታዘዝ ይምላል፤ መኮንኑ ግን ታማኝነቱን የሚሰጠው ለሕገ መንግሥቱ ነው፤ በመሐላው ውስጥ የመታዘዝ አንቀጽ የለም። ይህ ለሕሊና ሰፊ ቦታ የሚተው ይመስላል። ሆኖም ያው መሐላ ግዴታውን በልብ ሌላ ነገር ሳይያዝ በነጻ ፈቃድ እንደሚቀበል ያስምላል። ወደፊት አንድ ጦርነት ፍትሐዊ ካልመሰለው እንደማይሄድ በልቡ የወሰነ ሰው ይህን መሐላ በንጹሕ ልብ ሊምል አይችልም።

ሕጉም ቢሆን እንዲህ ያለውን ሰው አያውቀውም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1971 በጊሌት ጉዳይ እንደወሰነው፣ በሕሊና ምክንያት ከውትድርና ነጻ የሚሆነው ማንኛውንም ጦርነት የሚቃወም ሰው ነው፤ ይህን ጦርነት ተቃውሞ ያንን የሚቀበል አይደለም። በአሥራ ስድስተኛው መቶ ዓመት ስፔናዊው የነገረ መለኮት ሊቅ ፍራንሲስኮ ዴ ቪቶሪያ አንድ ጦርነት ግፍ መሆኑን በሕሊናው ያረጋገጠ ዜጋ ንጉሡ ቢያዘው እንኳ መዝመት የለበትም ብሎ አስተምሯል። የአሜሪካ ሕግ ከቪቶሪያ ጋር አልተስማማም። ለነርሱ ነገሩ ከዚህም ይጠብባል። ሠራዊቱ መሣሪያ መያዝን ብቻ ለሚቃወም ወታደር ከሚያዘጋጃቸው መጠለያዎች አንዱ የሕክምና ክፍሉ ነው፤ በኦኪናዋ ጦርነት መሣሪያ ሳይዝ ቁስለኞችን ያወረደውና በ1945 የክብር ሜዳይ የተሸለመው ዴዝመንድ ዶስ ያገለገለው በዚህ መንገድ ነው። ነርሱ ግን ገና ከመጀመሪያው እዚያው መጠለያ ውስጥ ነው፤ ቢቸግረው የሚሸሽበት መካከለኛ ቦታ የለውም። የቀረለት ሁሉንም መቀበል ወይም ሁሉንም መተው ነው።

ሁሉን ሳይተዉ አንድ ትእዛዝ እምቢ ያሉ ሰዎችም አልጠፉም። ካፒቴን ሃዋርድ ሌቪ የተባለ የቆዳ ሐኪም በፎርት ጃክሰን ልዩ ኃይሎችን በሕክምና ሙያው አላሠለጥንም አለ፤ በቬትናም ሕክምናው ለጦርነት ዓላማ መሣሪያ ሆኗል የሚል ምክንያት ነበረው። በ1967 የጦር ፍርድ ቤት ፈረደበት፣ ታሰረ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ1974 ፍርዱን አጸናው። ከ40 ዓመት በኋላ የሆነው ለነርሶች ይበልጥ ቅርብ ነው። በ2014 ጓንታናሞ የነበረ አንድ የባሕር ኃይል ነርስ የረኀብ አድማ ያደረጉ እስረኞችን በኃይል በቱቦ መመገብ አልፈልግም አለ። ሠራዊቱ ሊያሰናብተው እርምጃ ጀመረ፤ የአሜሪካ ነርሶች ማኅበር ለነርሱ ቆመ፤ የማሰናበቱ እርምጃም ቀረ። የማኅበሩ የሥነ ምግባር ደንብ የነርስ የመጀመሪያ ታማኝነት ለታማሚው ነው ይላል፤ ይህ ደንብ በዩኒፎርም ሥርም እንደሚሠራ ነርሱ ለራሱ ዋጋ ከፍሎ አሳየ። በሁለቱ ሰዎች መካከል ያለው ልዩነት ትምህርት አለው። ነርሱ እምቢ ያለው በታማሚ ላይ የሚፈጸም ሥራን ነው፤ ሌቪ ግን ጦርነቱን ራሱን ተቃውሟል። ሙያው የመጀመሪያውን እምቢታ ይሸከመዋል፤ ሁለተኛውን ለብቻው ሊሸከመው አይችልም።

የገንዘቡ ነገር ብዙ ጊዜ በሹክሹክታ የሚነሣ ቢሆንም መነሣቱ ነውር አይደለም። የአንስቴዥያ ሥልጠና በአሜሪካ ከፍተኛ ዕዳ ያሸክማል፤ ትምህርቱ ሙሉ ጊዜን ስለሚወስድ እየሠሩ መማርም አስቸጋሪ ነው። ሠራዊቱ ይህን ሸክም ያነሣል። ስለዚህ ብዙ አመልካች አገሩን ስለሚወድ፣ ለቁስለኛው ስለሚያዝን ደግሞም ዕዳ ስለሚፈራ ያመለክታል። የተደባለቀ ምክንያት ሥራን አያረክስም፤ ሰው ሁሉ የሚኖረው በተደባለቀ ምክንያት ነው። አደጋው ሌላ ነው፤ ዕዳውን ለማምለጥ ብቻ የገባ ሰው በ5ኛው ዓመት የማያምንበት ግዳጅ ሲመጣ ጥያቄውን አስቦበት ስለማያውቅ መልስ አይኖረውም።

ጥያቄው በአሜሪካ ነርሲንግ ለሚሠሩ ኢትዮጵያውያን ባዳ አይደለም። የአሜሪካ ዜግነት የወሰደ ሰው በዜግነቱ መሐላ ሕግ ሲያዝ መሣሪያ ለመያዝ ወይም ያለ መሣሪያ ለማገልገል ቀድሞ ምሏል፤ በሃይማኖት ምክንያት መሣሪያ መያዝን የሚመለከተው ክፍል እንዲቀርለት መጠየቅ ይችል ነበር። ብዙዎች ይህን ያስተዋሉ አይመስልም። የሕክምና ምልክትም ሁልጊዜ እንደማይከላከል ከአገራቸው ታሪክ ያውቃሉ፤ በታኅሣሥ 1935 መጨረሻ የጣሊያን አውሮፕላኖች መልካ ዲዳ የነበረውን የስዊድን ቀይ መስቀል ሆስፒታል ደብድበዋል።

ማንኛውንም ጦርነት የሚቃወም ነርስ ማመልከት የለበትም፤ መሐላውን ሊምል አይችልምና። እርሱ ሙያውን በሲቪል ትምህርት ቤት ተምሮ በቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታሎች ሊቀጠር ይችላል፤ እዚያ ያለ ማዕረግና ያለ ዘመቻ ግዴታ የጦርነት ቁስለኞችን ያክማል። ከባዱ ጥያቄ ግን አንዳንድ ጦርነቶችን ብቻ ለሚቃወም ሰው ነው። ማመልከት የሚችለው ሕጉ እንደማያስጠልለው፣ የእምቢታው ዋጋም እስር ወይም ማዕረግ ማጣት ሊሆን እንደሚችል አውቆ፣ ያንንም ዋጋ ከወዲሁ ተቀብሎ ከሆነ ብቻ ነው። በቃለ መጠይቁ ለምን ሠራዊቱን እንደመረጠ ሲጠየቅ «እኔ ነርስ ብቻ ነኝ» የሚለው መልስ ግን ከሁሉ የደከመው ነው፤ ሠራዊቱ የሚፈልገው ነርስነቱን ነውና።