ዘሩ ወይስ መሬቱ?



ማልዳ ከእናቷ ጋር ከእንጦጦ ጭራሮ ተሸክማ የወረደች የየካ ልጅ በፈተና ስትወድቅ፥ «ከዘሯ ነው» ማለት ይቀናናል፤ እኛ ካህናትም ብለናል። ከወላጅ የሚወረስ ተሰጥዎ መኖሩን አንክድም። ነገር ግን ረኃብ፥ ድካምና የአዮዲን እጥረት ተሰጥዎውን ሳይበቅል ያስቀሩታል። በ2003 ዓ.ም. የምግብ ጨው አዮዲን እንዲጨመርበት የታዘዘው፥ በ2012 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ምገባ የጀመረው ይህን በመገንዘብ ነው።

ጌታችን በዘሪው ምሳሌ፥ ዘሩ አንድ ሲሆን ፍሬው በመሬቱ ምክንያት እንደ ተለያየ አስተማረን። እንግዲህ ልጅቱን ከመንቀፋችን በፊት ቁርስ ቀምሳ፥ ዕረፍት አግኝታ እንደ ሆነ እንጠይቅ። ዘሩን የሚሰጥ እግዚአብሔር ነው፤ መሬቱን ማለስለስ ግን የሁላችን ዕዳ ነው። አሜን።