የውኃ ዋጋ በማን ላይ ይወድቃል?

አንድ ነገር በርካሽ ተገዛ ማለት ዋጋው ሁሉ ተከፈለ ማለት ነውን? ይህን ጥያቄ ከባሕር ውኃ ይልቅ አጕልቶ የሚያሳየን የለም። ባሕር ሻጭ የለውም፤ ቢቀዱትም አያልቅም፤ ነገር ግን በአንዱ ሊትር ውስጥ 35 ግራም ያህል ጨው ስላለበት፣ የተጠማ ሰው ቢጠጣው ጥሙን ያብስበታል እንጂ አያረካውም።

ውኃን ከጨው የሚለይ ጥበብ ግን ተገኝቷል፤ ስሙም ሪቨርስ ኦስሞሲስ ይባላል። ውኃን የሚያሳልፍ፣ ጨውን የሚከለክል ስስ ሽፋን በንጹሕና በጨዋማ ውኃ መካከል ቢደረግ፣ እንደ ተፈጥሮው ንጹሑ ወደ ጨዋማው ይሄዳል። ይህን ጕዞ ወደ ኋላ ለመመለስ ጨዋማውን በብርቱ ኃይል መግፋት ያስፈልጋል። ለዚህ ሥራ የሚበቃውን ሽፋን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1960 ገደማ ሲድኒ ሎብና ስሪኒቫሳ ሱሪራጃን በሎስ አንጀለስ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሠሩት።

ተፈጥሮን ወደ ኋላ መመለስ ግን ያለ ዋጋ አይሆንም። ግፊቱ ከምንኖርበት አየር ግፊት 60 እጥፍ ያህል ነው፤ 1 ሜትር ኩብ፣ ይኸውም 1,000 ሊትር ለማጣራት ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ሰዓት የኤሌክትሪክ ኃይል ይፈጃል።

በእስራኤል አገር ከቴል አቪቭ በስተ ደቡብ ያለው የሶሬክ ማጣሪያ በ2013 ሥራ ጀመረ፤ በቀን ከ600,000 ሜትር ኩብ በላይ ለማጣራት ይችላል። የ1 ሜትር ኩብ ዋጋም ከ1 የአሜሪካ ዶላር ያነሰ ነው። ይህ ለጠጪው ርካሽ ነው። ነገር ግን እንዲህ ባለ ማጣሪያ ከተቀዳው ውኃ ግማሽ ያህሉ፣ የሌላውን ጨው ጭምር ተሸክሞ፣ ጨዋማነቱ እጥፍ ሆኖ ወደ ባሕር ይመለሳል፤ በጥንቃቄ ካልተበተነ በባሕር ወለል የሚኖሩትን ፍጥረቶች ይጐዳል። ኤሌክትሪኩም ከጋዝ ወይም ከድንጋይ ከሰል የመጣ እንደ ሆነ ጢሱ የዓለምን አየር ያሞቃል። ዓሣው ከዚያ ውኃ አልጠጣም፤ ገና ያልተወለደው ልጅም አልጠጣም፤ ከዕዳው ግን ድርሻ ደርሷቸዋል።

እንግዲህ ሥራው ክፉ ነው እንላለንን? አንልም። ዝናምና ወንዝ ላጣ ሕዝብ ውኃ ሕይወት ነውና፣ ስለ ዓሣ ብሎ የተጠማውን ሰው የሚከለክል ፍርዱ የቀና አይሆንም። ስሕተቱ ያለው በደረሰኙ ላይ ያልተጻፈውን ዋጋ እንዳልነበረ ከመቍጠር ላይ ነው። ስለዚህ አስቀድሞ የሚያፈሰውን ቧንቧ መጠገን፣ ያገለገለውንም ውኃ አጣርቶ ለእርሻ ማዋል ይገባል፤ የቀረው ጕድለት ከባሕር ይሞላ። ለባሕሩ የሚደረገው ጥንቃቄም በውኃው ዋጋ ውስጥ ይቈጠር፤ ጭማሪውንም ድኻው ሳይሆን መዋኛውንና የአትክልት ቦታውን የሚሞላው ባለጸጋ ይሸከመው።

ንጉሥ ዳዊት ተጠምቶ ሳለ ሦስት ኃያላን የጠላትን ሰፈር ጥሰው ከቤተ ልሔም ጕድጓድ ውኃ ቀድተው ቢያመጡለት፣ በነፍሳቸው የተገዛ መሆኑን አስቦ ሊጠጣው አልወደደም፤ አፈሰሰው። ውኃው ንጹሕ ነበረ፤ ጥሙም እውነተኛ ነበረ፤ እርሱ ግን ዋጋውን ቈጠረ። እኛ እንድናፈስ አልተጠየቅንም፤ እንድንቈጥር ግን ተጠይቀናል። ዋጋውን ዐውቆ የሚጠጣ ሰው አንዲት ጽዋ እንኳ በከንቱ አያፈስምና።